በአዴ ቱሜ በርሜል ያሳደግኋቸው ዓሦች

የልጅ ልጄ ከሞምባሳ ያመጣችው የመስታወት ገንዳ ሳሎኔ ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ተቀምጧል። የባሕር ውሃ ነው አሉኝ፤ ጨው ተለክቶ የተበጠበጠበት። እኛ ሞያሌዎች ለመጠጥ የምናሳድደውን ውሃ እሷ ጨው ነስንሳ ለሁለት ዓሣ መኖሪያ ስታደርገው ዝም ያልኩት፣ ሽማግሌ ዝም ሲል ብልህ ይመስላል ብዬ ነው። ባለፈው ሳምንት ግን ከሰሊጥ ፍሬ ያነሱ ነጫጭ ነገሮች መስታወቱ ላይ ሲርመሰመሱ አየሁና ጠራኋት። አፍንጫዋን ለጥፋ አየቻቸው፤ ደስ አላት። ማንም አልጨመራቸውም አባባ፣ ከባሕር ያመጣሁት ድንጋይ ውስጥ ተደብቀው መጥተው ነው አለችኝ። እኔን የከሰሰኝ ሰው የለም፤ ጆሮዬ ግን ጋለ።

ሰባት ወይ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ዓሣ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። አንድ የሎሪ ሾፌር ግን ዓሣ ሲወለድ ከጥፍር ቁራጭ እንደማይበልጥ፣ ውሃ ውስጥ እየተጥመዘመዘ እንደሚያድግ ነግሮን ነበር። ታዲያ ከዝናብ በኋላ ከብት በሚጠጣበት ኩሬ ዳር፣ እየታጠፉ እየተዘረጉ ላይ ታች የሚሉ ጥቃቅን ፍጥረቶች ሳገኝ፣ የሞያሌ የመጀመሪያው ዓሣ አርቢ እኔ መሆኔን አልተጠራጠርኩም። በጣሳ ቀዳኋቸው። እናቴ እንደምትደፋብኝ ስለማውቅ፣ ከሰፈሩ ሁሉ ንጹሕ ውሃ ወዳለበት ወሰድኳቸው።

አዴ ቱሜ፣ እማማ ቱሜ እንደ ማለት ነው፣ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ነበሩ። በርሜላቸው በደጃፉ ጥላ ሥር፣ አፉ በነጭ ጨርቅ ታስሮ ይቆማል፤ መቅጃው ቅል በጢስ ስለሚታጠን ውሃው ደስ የሚል ሽታ አለው። ክቡር እንግዳ የመጣበት ቤት ሁሉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ጆግ አስይዞ ወደ እሳቸው ይልካል። የአዴ ቱሜ ውሃ ነው ከተባለ እንግዳው ኩባያውን ሳያይ ይጠጣል። እኔ የፈታሁት ያንን ጨርቅ ነው፤ ጣሳዬንም እዚያ ውስጥ ገለበጥኩ።

በሦስተኛው ቀን ከቦሪ መንደር ልጅ ለትዳር ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሎች ጎረቤት ቤት ተቀመጡ፤ ውሃውም እንደ ልማዱ ከአዴ ቱሜ መጣ። ታላቁ ሰውዬ ኩባያውን አንስተው አዩት፣ ሳይጠጡ ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡት። ቢቆጡ ይሻል ነበር። ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ በርሜሉን ከበቡ። ጉድጓዱ ርቋት ከከብቱ ኩሬ እየቀዳች ነው ስታጠጣን የኖረችው ተባለ። አዴ ቱሜ በወላሂ ይምላሉ፤ የሚሰማቸው የለም። እናቴ ብቻ ቆመችላቸው። ልጆቹን አሰልፋ፣ በእጁ የነካ ካለ ይናገር አለች፤ እንደማትመታውም ማለች። እኔ፣ ሳልጠየቅ የምለፈልፈው፣ አፌ ተያዘ። በርሜሉ ሲገለበጥ ዓሦቼ አቧራው ላይ ሲንፈራገጡ አየሁና ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ለእሳቸው አይደለም፤ ለዓሦቼ ነው።

አዴ ቱሜ ያን ሁሉ ሰው ትተው ወደ እኔ መጡ፣ ፊቴን በሻሻቸው ጠረጉ።

"ከዚህ ሁሉ ሰው ያለቀሰልኝ አንተ ብቻ ነህ፣ ልጄ" አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወተታቸው የእኔ ሆነ። ዓሦቼ የትንኝ እጭ እንደነበሩ ያወቅሁት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው፤ ያን ቀን እንኳ ከክፍል ወጥቼ እሳቸው ቤት ወተቴን ጠጣሁ። ከበርሜሉ መገልበጥ ወዲህ ወደ እሳቸው ጆግ የላከ ቤት ግን አልነበረም። በሠርጌ ዕለት እናቴ የእንግዳውን እጅ እንዲያስታጥቡ ስትለምናቸው፣ ሌላ ሰው ያስታጥብ፣ የእኔን ውሃ ሰው ይጸየፈዋል ብለው ከበር ተመለሱ። ሙሽራው ካባውን ለብሶ ሰማ። ካባው ከበደው እንጂ አፉ አልተከፈተም።

እሳቸው ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ። ዛሬ እንግዳ ሲመጣ የታሸገ ውሃ እናስገዛለን፣ ክዳኑ አለመከፈቱንም አገላብጠን እናያለን፤ በስሙ ብቻ የሚጠጣ ውሃ ያለው ቤት ሞያሌ ውስጥ አላውቅም። ልጆቻቸው በየዒዱ ይጠሩኛል። እናታችን የተዋረደች ቀን ብቻውን ያለቀሰላት ሰው ይሄ ነው እያሉ ለልጆቻቸው ያሳዩኛል፤ ትልቁ ወንበርም ይለቀቅልኛል።

እቀመጥበታለሁ።