የቆጠራው ረቡዕ

አርኔታ ፑል በታቦር ትምህርት ቤት ጸሐፊ ሆና ሃያ አንድ ዓመት ሠርታለች። ጸሐፊ ማለት በወረቀት ላይ ነው እንጂ የነሰረውን ልጅ ደሙን የምታቆመው፣ የጠፋ ጓንት የምታፈላልገው፣ አባቱ ሊወስደው የዘነጋውን ሕፃን አጠገቧ አስቀምጣ ብስኩት የምታበላው እሷ ነበረች። ርዕሰ መምህራን አምስት ተፈራርቀዋል፤ አንዱማ ስድስት ወርም አልቆየ። እሷ ግን ከመግቢያው መስኮት ኋላ ንቅንቅ አላለችም። በእኛ ሰፈር ከሠላሳ ዓመት በታች ካለው ሰው፣ ሚስ አርኔታ አንድ ቀን "ና ተናፈጥ!" ያላለችው ጥቂት ነው።

ትምህርት ቤቱ የተጀመረው በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ነው። ሠላሳ አራት ልጅ፣ ሁለት አስተማሪ፣ አንድ ሽንት ቤት። ከተማችን ከፍሊንት በስተሰሜን ናት፤ የመኪና ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ በየዓመቱ ሰው ይጎድልባታል። ሚሺጋን ቻርተር ትምህርት ቤት ስትፈቅድ፣ ማለትም ገንዘቡ የመንግሥት፣ አስተዳደሩ የራሱ ቦርድ፣ ለወላጅ ነፃ የሆነ ትምህርት ቤት፣ ዲያቆኖቻችን "እኛስ ምን ያንሰናል?" አሉ። የሚያንሰንማ ብዙ ነበር። ወንበሮቹን የገዛነው አርብ አርብ ዓሣ እየጠበስን፣ ከጎመን ጋር እየሸጥን ነው። አርኔታ ያን ጊዜ ክንዷን ዘይት ፈንጥቆባት ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ።

ሠላሳ አራቱ ስድሳ ሆኑ፤ ስድሳው መቶ ሃያ። ምድር ቤቱ አልበቃ አለ። ይኼኔ ከረባት ያሰሩ ሰዎች መጡና ባዶውን ሱፐርማርኬት ግዙ፣ ብድሩን እኛ እናመቻቻለን፣ በሦስት ዓመት ሁለት መቶ አርባ ተማሪ ይኖራችኋል አሉን። ሽቅብ የሚወጣ መስመር በስክሪን አሳዩን። ከተማው ቁልቁል እየወረደ እሱ በየት በኩል ሽቅብ እንደሚወጣ የጠየቀ አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል። ከሁሉ አብልጣ ያጨበጨበችው ደግሞ አርኔታ ነበረች። ልጆቹ አምስተኛ ክፍል ጨርሰው ሌላ ቦታ በሄዱ ቁጥር ሆድ ይብሳት ነበር፤ በአዲሱ ሕንፃ እስከ ስምንተኛ እሷ ዘንድ ይቆያሉ።

መንግሥት ልጆቻችንን የሚያያቸው በዓመት አንድ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል፤ ኦክቶበር በገባ የመጀመሪያው ረቡዕ። በዚያ ቀን ተመዝግቦ ወንበሩ ላይ የተገኘ ልጅ ስምንት ሺህ ዶላር ገደማ ያመጣል። በሳምንቱ የሚመዘገብ ልጅ ምንም ጎበዝ ቢሆን ይዞት የሚመጣው ቦርሳውን ብቻ ነው። ስለዚህ ያ ረቡዕ በከተማችን በዓል ሆኗል። ሁሉም ትምህርት ቤት ፒዛ ያዝዛል፣ ልጆች ፒጃማ ለብሰው ይመጣሉ፣ ብስክሌት በዕጣ ይወጣል። አንድ ዓመትማ ትኩሳት የያዘው ልጅ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ መጥቶ፣ ስሙ ተጠርቶ፣ ወደ አልጋው ተመልሷል።

በአዲሱ ሕንፃ አራተኛ ዓመታችን ላይ ሁለት መቶ አርባ የተባለው መቶ ሰባ ስምንት ሆኖ ቀረ። የአበዳሪዎቹ ደብዳቤ ደግሞ አጭር ነበር፤ ቆጠራው ከመቶ ሰማንያ ካነሰ ሕንፃውን እንረከባለን ይላል። ከረቡዕ በፊት ባለው አርብ ርዕሰ መምህሩ ሚስተር ጎይንስ ወደ አርኔታ መስኮት መጣ።

"ስንት ደረስን ሚስ አርኔታ?"

"ትናንት የነገርኩህን ነዋ። መቶ ሰባ ስምንት።"

"ዛሬ ማንም አልተመዘገበም?"

"ምን ላድርግህ፣ ልውለድልህ? ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው እንጂ እሞክርልህ ነበር። ለነገሩ ለረቡዕም አይደርስ።"

ሚስተር ጎይንስ ሳቀ፤ ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። "ሁለት ልጅ እኮ ነው። ሁለት!" አለ። ሊሄድ ሲል ዘወር ብሎ፣ "ያቺ የአራተኛ ክፍል ምትክ አስተማሪስ? የፈቃድ ማመልከቻዋ ተልኳል? ከረቡዕ በፊት ካልገባ ክፍሏ አይቆጠርም" አላት።

"ሞልቼዋለሁ፣ ፈርመህበታል። ሰኞ እልከዋለሁ። አሁን ልጅ ልፈልግበት።"

ቅዳሜን በሙሉ እግሯ እስኪቀጥን ዞረች። የቀድሞ ተማሪዎቿን በር አንኳኳች፣ በፀጉር ቤቱ ወረፋ የሚጠብቁትን እናቶች ለመነች። አንዷ "ወንዝ ማዶ ያሉት ታብሌት ይሰጣሉ፣ እናንተ ምን ትሰጣላችሁ?" አለቻት። አርኔታ "አመድሽ ቡን ይበል" ልትል ከጅላ ዋጠችው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አንድ በር ብቻ ቀራት፤ ሆን ብላ መጨረሻ ያደረገችው የላቶሪያ በር።

ላቶሪያ ከመጀመሪያዎቹ ሠላሳ አራቱ አንዷ ናት። እናቷ ታማ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ አንድ ክረምት የከረመችው አርኔታ ቤት ነው። ልጆቿን ዲዮንንና አማሪን ታቦር አስገብታ ነበር፤ በኦገስት ግን አወጣቻቸው። አማሪ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ትንተባተባለች፤ የከተማው ትምህርት ቤት የንግግር አስተማሪ አለው፣ ታቦር የለውም። አርኔታ ያን ጊዜ "ደግ አደረግሽ" ብላ በገዛ እጇ ነበር የፈረመችላት።

ላቶሪያ በረንዳዋ ላይ የአማሪን ፀጉር ትጎነጉን ነበር።

"ሚስ አርኔታ! ፀሐይ ዛሬ በየት ወጣች?"

"ልጠይቅሽ መጣሁ። ኬክ ይዤልሻለሁ።"

"ኬክማ ከያዙ ነገር አለ። ባለፈው ኬክ ይዘው የመጡት እማዬ የሞተች ጊዜ ነው።"

"ማንም አልሞተም" አለች አርኔታ እየተቀመጠች። "ገና ነው።"

"አማሪ፣ ሰላም በያቸው እንጂ።"

ልጅቷ ቀና አለች። "ሚ... ሚስ... አርኔታ" አለች። ጨረሰችው። አምና ስሟን ተጠይቃ አንዲት ፊደል ስታንቃት፣ ጣቷን ወደ ደረቷ ቀስራ ዝም የምትል ልጅ ነበረች።

"ሰሙልኝ?" አለች ላቶሪያ፤ ፊቷ ፈክቷል። "አንድ ወር ብቻ እኮ ነው! በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለብቻዋ፣ ከአስተማሪዋ ጋር።"

አርኔታ እዚህ ላይ ኬኩን አስቀምጣ፣ ልጅቷን ስማ መሄድ ነበረባት። እኔ ብቻ አይደለሁም ይህን የምለው፤ ራሷም ኋላ ብላዋለች። ግን አልሄደችም።

"የኔ ልጅ፣ ሁለት ጎድሎናል። ረቡዕ ካልሞላ ይዘጋል።"

"በዚህ ከተማ ያሉት የእኔ ልጆች ብቻ ናቸው?"

"ሌላውን ሁሉ ለምኜ ነው የመጣሁት። እምቢ የማትለኝ አንቺ ብቻ ቀረሽ።"

"ይኼማ ግፍ ነው ሚስ አርኔታ። አማሪስ?"

"ገንዘቡ እንደገባ የንግግር አስተማሪ እንቀጥራለን። ጎይንስ አናት ላይ ቆሜ አስቀጥረዋለሁ።"

"ቢዘጋስ?"

"እኔ እያለሁ ታቦር አይዘጋም።"

ላቶሪያ ጉንጉኑን ጨርሳ አሰረች። ከዚያ "እሺ፣ እርስዎ ካሉ" አለች። ፊቷ ግን አልፈካም።

ሰኞ ሩጫ ሆነ። ላቶሪያ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስለምትሠራ ከሥራ መቅረት አትችልም፤ አርኔታ ናት በመኪናዋ ከከተማው ትምህርት ቤት መልቀቂያ፣ ከጤና ጣቢያ የክትባት ወረቀት ስታመጣ የዋለችው። መልቀቂያው ላይ ፊርማ ጎደለ ተባለ፤ ማክሰኞ እንደገና ሄደች። ላቶሪያን በምሳ ሰዓቷ መጦሪያው በር ላይ አስፈርማ፣ ቢሮው ሊዘጋ ሲል ደረሰች። ማታ ላቧን እየጠረገች ሁለቱን ስም መዝገብ ላይ በደስታ ጻፈች።

ረቡዕ መቶ ሰማንያ ልጅ በፒጃማ መጣ። አንድም አልቀረም። ሚስተር ጎይንስ የጥንቸል ጆሮ አድርጎ በኮሪደሩ ዘለለ፤ አርኔታን አቅፎ ከመሬት አነሳት። "አውርደኝ አንተ፣ ወገቤን!" ብላ ጮኸች። ሁላችንም ፒዛ በላን። አማሪ ብቻ ሳህኗን ሳትነካ ወደ መስኮቱ ስትመጣ፣ አርኔታ ሥራ በዝቶባት "ቆይ የኔ ቆንጆ" አለቻት።

መርማሪዋ በኖቬምበር መጣች። ቆጠራውን በየዓመቱ ሰው መጥቶ ያጣራዋል። ትሑት ሴት ነበረች፤ የራሷን ሻይ በፔርሙዝ ይዛ መጥታ ገጽ በገጽ አየች። ሦስት ሰዓት ያህል ካየች በኋላ "የአራተኛ ክፍል አስተማሪዋ ፈቃድ የተላከው መቼ ነው?" ብላ ጠየቀች።

አርኔታ "ሰኞ" ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ መሳቢያዋን ሳበች። ማመልከቻው ተሞልቶ፣ ተፈርሞ፣ ከነዲዮን የክትባት ቅጂ ሥር ተኝቷል። አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

"አሁን ብልከውስ?"

"ቆጠራው እኮ አለፈ እመቤቴ" አለች ሴትዮዋ። ያዘነች ትመስል ነበር።

የአራተኛ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ልጆች ተሰረዙ። ልጆቹ በዚያች ደቂቃ ከግድግዳው ማዶ ዘፈን እየዘፈኑ ነበር፤ በመንግሥት ዓይን ግን የሉም። መቶ ስድሳ አንድ ቀረን። አበዳሪዎቹ በሁለት ልጅ ጉድለት ይደራደሩ እንደነበር ሚስተር ጎይንስ ኋላ ሰማ። በአሥራ ዘጠኝ ግን የሚደራደር አልተገኘም።

ቦርዱ ሲሰበሰብ አዳራሹ በወላጅ ጢም አለ። አንዱ አባት "ማን ነው ያን ወረቀት የረሳው? ስሙን ንገሩን!" ብሎ ጮኸ። ሚስተር ጎይንስ ተነሥቶ "ቢሮው የእኔ ነው፣ ስህተቱም የእኔ ነው" አለ። ሰው ሰደበው፤ ቆሞ ተሰደበ። አርኔታ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ እንደያዘች ነበረች። ልትነሣ ፈለገች፤ ጉልበቷ ከዳት ብላለች ኋላ። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ ጉልበቷ አልነበረም፤ ፈርታ ነው። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ "ሚስ አርኔታ" ሲሏት ኖረው፣ በአንድ ቀን ዓይናቸው ሲለወጥ ማየት አልቻለችም።

ለገና ዕረፍት የወጡት ልጆች አልተመለሱም። በጃንዋሪ የቀረው ሥራ ለየወላጁ የልጁን ፋይል ማስረከብ ብቻ ነበር፤ እሱም የአርኔታ ሆነ። ማሞቂያው ስለተቀነሰ ካፖርት ለብሳ መስኮቷ ኋላ ተቀመጠች። አንዳንዱ አለቀሰ፣ አንዳንዱ ቃል ሳይናገር ፈርሞ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ላቶሪያ አማሪን ይዛ ገባች።

"የሁለቱንም ፋይል" አለች።

"አዘጋጅቼልሻለሁ። የከተማው ትምህርት ቤት ምን አለሽ?"

"መለሷቸው። የአማሪን ሰዓት ግን ለሌላ ልጅ ሰጥተውታል። አሁን በአሥራ አምስት ቀን አንዴ፣ ከስድስት ልጅ ጋር፣ ሃያ ደቂቃ ነው። 'የዘንድሮ ገንዘቧ ታቦር ነው የገባው፣ በምን ሰው እንጨምር?' አሉኝ። ምን ልበላቸው?"

አርኔታ ወደ ልጅቷ ጎንበስ አለች። "እንዴት ነሽ የኔ ቆንጆ?"

አማሪ አፏን ከፈተች። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፣ አንገቷ ተገተረ፣ የወጣ ነገር የለም። ከዚያ ፊቷን እናቷ ካፖርት ውስጥ ቀበረች።

አርኔታ አላስችል አላት። "ወረቀቱን የረሳሁት እኔ ነኝ" አለች። "ጎይንስ አይደለም። ያንቺን ልጆች ላስመዘግብ ስሮጥ ነው የረሳሁት።"

ላቶሪያ ፋይሎቹን ወደ ራሷ ሳበች። "ለምን ይነግሩኛል?"

"ማወቅ አለብሽ ብዬ።"

"እንዲቀልዎት ነው። 'አይዞዎት' እንድልዎት።"

"ላቶሪያ፣ የኔ ልጅ..."

"አልቆጣም። እርስዎን መቆጣት አልችልበትም፣ ያውቁታል። ለዚያ አይደል የመጡት?" ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር። ስሟን ጻፈች፣ ፈረመች፣ ሁለቱን ፋይል ብብቷ ሥር ያዘች። "ያን ቀን ልጆቼን ብለው አልነበረም የመጡት ሚስ አርኔታ። ሁለት ብለው ነው የመጡት።"

የአማሪን እጅ ይዛ ወጣች።  በአርኔታ ላይ ብትጮህ፣ ብትሰድባት፣ ወረቀቱን ፊቷ ላይ ብትወረውርባት በስንት ጣዕሙ። በሩ ክፍት ሆኖ ብርዱ ይገባ ነበር። ቀጣዩ ወላጅ ኮፍያውን በእጁ ይዞ መስኮቱ ጋ ቆሟል፤ ልጁን ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምራ ያሳደገችለት ሰው ነው። አርኔታ እስክሪብቶዋን አነሣች፤ ቀና ብላ አላየችውም።

"ስንት ልጅ?" አለችው።