የልጄ የቀን ዋጋ

ባሌ በሞተ በአምስተኛው ወር ልጄ በቀን ስንት እንደምታወጣ የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰኝ። እስከ ሳንቲሙ ተሰልቷል። እናት ሁሉ «ለልጄ ዋጋ አይወጣላትም» ትላለች። የሰፈሩን ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድረው ዲስትሪክት ግን ዋጋ ያወጣል፤ የሚያወጣበት ቀመር አለው፤ ቀመሩን ለሚያስረዳ ሰውም ደመወዝ ይከፍላል።

ደብዳቤው አጭር ነበር። በመጀመሪያው አንቀጽ ስለ ሐዘናችን ያዝናል። በሁለተኛው፣ እኔና ልጄ በዲስትሪክቱ ክልል ውስጥ እንደማንኖር መረጋገጡን ይነግረናል። በሦስተኛው፣ ልጄ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርቷን እዚያው መጨረስ ከፈለገች፣ ከቤታችን ከወጣንበት ቀን ጀምሮ ከክልሉ ውጭ እንደሚኖር ተማሪ ቱሽን፣ ማለት የትምህርት ክፍያ፣ እንድንከፍል ይጠይቃል። ካልከፈልን አሁን በምንኖርበት ሰፈር ወዳለው ትምህርት ቤት ትዛወራለች። ለመመረቅ የቀራት ሦስት ወር ነበር። ከሥር የተጻፈው ድምር ደህና ያገለገለ መኪና ይገዛል።

ነገሩ የጀመረው በደግነት ነው፤ እንደ አብዛኛው የቤተሰባችን ጣጣ።

ቤታችን ከኮሎምበስ ከተማ በስተሰሜን ነው። ባሌ ያንን ሰፈር የመረጠው ለትምህርት ቤቱ ሲል ነበር። ቤቱ ጠባብ፣ ታክሱ ሰፊ። በዓመት ሁለት ጊዜ የቤት ታክስ ወረቀት ሲመጣ በእጁ ይዞ ሳሎኑን እየዞረ፣ እዚህ አገር ሰው ቤት ገዛሁ ብሎ የሚገዛው ትምህርት ቤት መሆኑን፣ ጣሪያውና ግድግዳው ምርቃት መሆኑን ይሰብከን ነበር። ከዚያ ይከፍላል። አንድ ቀን አሳልፎ አያውቅም።

መስከረም መጨረሻ ላይ ሥራ ቦታው ወድቆ ሞተ። ልቡ ነው አሉን። ለቅሶው ከዲስትሪክቱ ክልል ውጭ፣ ብሌንደን ታውንሺፕ በሚገኘው በታላቅ እህቱ ቤት ተደረገ። እትዬ ሰፊ ቤት አላቸው፤ ከቤታቸው የሚሰፋ ድምፅም አላቸው። ሰልስቱ እንዳለፈ ኮቴን ለብሼ ልጄን ጠራሁ። እትዬ ኮቱን ከትከሻዬ ላይ አወለቁት።

«ወዴት?» አሉ፤ «ባዶ ቤት? የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ?»

እስከ አርባው ተባለ። አርባው ሲወጣ እስከ ሰማንያው። ሰማንያው ሲወጣ ብርዱ ይለፍ። እውነቱን ለመናገር እኔም አልታገልኩም። አንድ ቀን ልብስ ልወስድ ሄጄ የመኝታ ቤቱን በር ከፍቼ፣ ሳልገባ መልሼ ዘግቼ ነበር። እዚያ ቤት ማደር ፈራሁ። ሰዎች ሲጠይቁኝ እትዬ አልለቅ አሉኝ እላለሁ። ሰዎች ይህን ሲሰሙ እትዬን ይመርቃሉ። እኛ ዘንድ ሐዘንተኛ ብቻዋን የሚተው ዘመድ ስሙ ይነሳል፤ አቅፎ የያዘም ስሙ ይነሳል፤ እትዬ በየትኛው በኩል መነሳት እንደሚፈልጉ ግልጽ ነበር።

ደግነታቸው ግማሽ አያውቅም። በየፖስታው ላይ የባሌን ስም እያየሁ እንዳላለቅስ ብለው ፖስታ ቤት ሄደው አድራሻችንን ወደራሳቸው አስቀየሩት። እኔ ዎርዝንግተን ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ገና ሳይነጋ ሥራ ስለምገባ፣ ልጄን በየጠዋቱ በሃይዌይ ሃያ አምስት ደቂቃ እየነዱ ትምህርት ቤቷ የሚያደርሷት እሳቸው ነበሩ። በረዶ ሲጥል፣ ወይም መንገድ ላይ ግጭት ሲኖር፣ ታረፍዳለች። አራተኛ ጊዜ ስታረፍድ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ለምን እንደሆነ ጠየቀች።

ያን ቀን የሆነውን የነገረችኝ ልጄ ናት። እትዬ ከመኪናቸው ወርደው፣ በጥቁር ልብሳቸው ቀጥ ብለው ቢሮ ገብተው፣ ለጸሐፊዋ በእንግሊዝኛ አስረዷት። ልጅቷና እናቷ ከእኔ ጋር ነው የሚኖሩት አሉ። እኔ በሕይወት እያለሁ የወንድሜ ልጅ ባዶ ቤት አትገባም፣ ቤቴ ቤቷ ነው አሉ። ይህ ንግግር እድር ላይ ቢደረግ ኖሮ ሽማግሌዎች ቆመው ይመርቋቸው ነበር። ጸሐፊዋ ጻፈችው። ልጄ እጅጌያቸውን ብትጎትትም ሊገባቸው አልቻለም፤ እንዲያውም የምትጎትታቸው ጸሐፊዋ ስትጽፍ ስለተሳሳተች መስሏቸው የቤታቸውን ቁጥርና የመንገዱን ስም አንድ በአንድ እየቆጠሩ አስጻፏት። ለክብር መስሏቸው ነው።

ከዚያ በኋላ ዲስትሪክቱ የላከው አንድ ሰው ሦስት ጠዋት ቤታችን ፊት ለፊት መኪናውን አቁሞ፣ ቡና እየጠጣ ማን እንደሚወጣ ሲጠብቅ ከረመ። ይህን የነገረችኝ ጎረቤቴ ናት። ማንም አልወጣም። ቤቱ ባዶ መሆኑን ለማወቅ ሦስት ጠዋት ደመወዝ ተከፈለው፤ እኔን ቢጠይቀኝ በነፃ እነግረው ነበር።

ደብዳቤው እንደደረሰን ቀጠሮ አስይዤ ወደ ዲስትሪክቱ ሂሳብ ክፍል ሄድን። እኔ፣ ልጄና እትዬ። እትዬን ማንም አልጠራቸውም፤ ግን የሚነዱት እሳቸው ናቸው። የተቀበለን ሰውዬ ለስላሳ ድምፅ ያለው፣ ክራቫቱ ላይ ትናንሽ እርሳሶች የተሳሉበት፣ ጨዋ ሰው ነበር። ከእያንዳንዱ ክፉ ዓረፍተ ነገር በፊት በሐዘናችን ማዘኑን ይነግረናል። ሦስተኛ ጊዜ ሲያዝን እትዬ በአማርኛ «ይሄ ሰው ወንድሜን ያውቀው ነበር እንዴ?» አሉኝ።

አዲስ አበባ እያለሁ ለአሥራ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምሬአለሁ። ስለዚህ ስሌቱን እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። ፊቱ በራ። ሰው ሁሉ መጥቶ ይጮህበታል እንጂ አሠራሩን የጠየቀው ያለ አይመስልም። ባዶ ወረቀት ስቦ አግድም መስመር አሰመረ። ከመስመሩ በላይ በክልሉ ያሉ ቤቶች ለትምህርት ቤት የሚከፍሉት ታክስ ሁሉ ይደመራል። ከመስመሩ በታች የተማሪው ብዛት ይገባል። ይካፈላል። የወጣው ለትምህርት ቀናቱ ብዛት ይካፈላል፤ የአንድ ልጅ የአንድ ቀን ዋጋ ይህ ነው። ከዚያ እኛ ቤታችን ባልነበርንባቸው ቀናት ይባዛል። ማካፈሉ ትክክል ነበር። እኔ ብሆን ሙሉ ማርክ እሰጠው ነበር።

«ከመስመሩ በላይ የኔ ቤት ታክስ አለበት?» አልኩት።

ኮምፒውተሩን አየ። አለ፤ የዚህ ዓመቱም ተከፍሏል፤ በቀኑ። አውቃለሁ፣ ባለፈው ወር የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ በእትዬ ማዕድ ቤት ቁጭ ብዬ።

«ከመስመሩ በታችስ ልጄ አለችበት?»

እንደ ተማሪ ተቆጥራለች፣ እንደ ነዋሪ ግን አልተቆጠረችም አለኝ።

ስለዚህ፣ አልኩት፣ ለትምህርት ቤቱ ከከፈሉት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ፤ የሁላችንን ገንዘብ ደምራችሁ፣ ለልጆች አካፍላችሁ፣ ከዚያ የልጄን ድርሻ እንደገና እኔኑ ታስከፍሉኛላችሁ። ሰውዬው እርሳሱን አስቀመጠና በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው አለ። እዚህ አገር ጥሩ ጥያቄ ነው ከተባልሽ መልሱን አትጠብቂ። ቀጥሎ ያስረዳኝ ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ ታክስ የሚከፍለው ቤት ነው፣ የሚማረው ግን እዚያ ቤት የሚተኛ ሰው ነው። ነዋሪነት ማለት ማታ የሚተኙበት ቦታ ነው።

«እናትሽ የትም አትተኛም በይው» አሉ እትዬ ለልጄ፤ «አምስት ወሯ፤ ኮርኒስ ስታይ ነው የምታነጋው።»

ሰውዬው ምን አሉ በሚል ዓይን ልጄን አያት። ልጄ በእንግሊዝኛ፣ ገብቷቸዋል ብላ ተረጎመችለት።

የነዋሪነት ማስረጃ አምጡ ስለተባልን የመብራት፣ የጋዝና የውሃ ደረሰኝ ይዤ ነበር። ሁሉም በባሌ ስም ናቸው፤ ለመቀየር ብዙ ስልክ መደወል፣ በየስልኩም መሞቱን መናገር ስለሚጠይቅ ትቼው ነበር። ሰውዬው ወረቀቶቹን በረድፍ ደረደራቸውና፣ እነዚህ ባለቤትሽ እዚያ እንደሚኖር ነው የሚያሳዩት አለኝ። እኔም ልክ ነው አልኩት። በወረቀት ከሄድን እዚያ ቤት የሚኖረው እሱ ብቻ ነው። ታክሱን ይከፍላል፣ መብራቱን ይከፍላል፣ ከክልሉ ወጥቶ አያውቅም። ለልጁ ነዋሪነቷን እሱ ሊመሰክርላት ይችል እንደሆነ ጠየቅሁት። ሰውዬው ጥያቄውን ከምር ወሰደው። ወላጁ በሕይወት ያለ መሆን አለበት አለኝ፤ ማዘኑንም ጨመረ።

አንድ መውጫ ነበረ። የሄድነው ለጊዜው ከሆነ፣ በዚህ ሳምንት ወደ ቤታችን ከተመለስን፣ ያስጠጋን ሰውም ይህንኑ በመሐላ ካረጋገጠ፣ የዲስትሪክቱ ኃላፊ ክፍያውን ሊያነሳው ይችላል። ፎርሙን ከመሳቢያ አውጥቶ እትዬ ፊት አስቀመጠ። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ስማቸው የተገለጸው ሰዎች በጊዜያዊ እንግድነት በቤቴ ቆይተዋል፣ ቤቴ የእነሱ መኖሪያ ቤት አይደለም፣ መኖሪያቸው እንዲሆን ያሰብኩበት ጊዜም የለም ይላል።

እትዬ እስክሪብቶውን አስቀመጡ።

«ይሄን አልፈርምም።»

ሰውዬው ቀኑ የተሳሳተ መስሎት ማረም እንደሚቻል ነገራቸው። እትዬ ወደ እኔ ዞሩ።

«የወንድሜ ልጅ በኔ ቤት እንግዳ ናት ብዬ ልማል? ቤቴ ቤቷ አይደለም ብዬ? በማን ስም ነው የምምለው?»

ወረቀት ብቻ መሆኑን፣ እኛ እውነቱን እንደምናውቅ፣ ማንም እንደማያየው ነገርኳቸው።

«እግዜር ማንበብ አይችልም አሉሽ? አምስት ወር አልቻለቻቸውም፣ ፈርማ አስወጣቻቸው ነው የሚባለው።»

ካልፈረሙ ወይ ያንን ሁሉ ገንዘብ እንደምንከፍል፣ ወይ ልጅቷ ለመመረቅ ሦስት ወር ሲቀራት እንደምትወጣ ነገርኳቸው። እትዬ ቦርሳቸውን ከፍተው ቼካቸውን አወጡ። እከፍላለሁ፣ አሉ፣ ምን ችግር አለው። ያንን ያህል ገንዘብ እንደሌላቸው እኔም አውቃለሁ፣ ቼካቸውም ያውቃል። ሰውዬው አማርኛው ባይገባውም ቼኩ ገባው፤ ቼክ እንደሚቀበሉ፣ በካርድ ከሆነ ግን ትንሽ ጭማሪ እንዳለው ነገረን።

ይሄን ጊዜ ልጄ ተናገረች። በአማርኛ። እኔ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ መመለስ ከጀመረች ስንት ዓመቷ።

«አክስቴ፣ እኔ ቤቴ መሄድ እፈልጋለሁ» አለች።

እትዬ አዩዋት። እኔም አየኋት። አክስቷን ለማስፈረም ያመጣችው ዘዴ መስሎኝ ነበር፤ አይደለም። አምስት ወር ሙሉ ማን የት መተኛት እንዳለበት እትዬ ወሰኑ፣ እኔ ተስማማሁ፣ ዲስትሪክቱ መረመረ፤ እሷን የጠየቃት አልነበረም። እኔ የፈራሁትን በር እሷም የምትፈራው መስሎኝ ነበር። ለካ የእሷ ክፍል በር ሌላ ነው።

«ከመቼ ጀምሮ?» አሉ እትዬ።

«ከመጀመሪያውም» አለች። ከዚያ ቶሎ ብላ፣ የእርስዎን ቤት ጠልቼ አይደለም፣ አልጋዬን ስለምፈልግ ነው ብላ ጨመረች፤ ግማሹን በእንግሊዝኛ።

እትዬ ቼኩን ወደ ቦርሳቸው መለሱ። ሰውዬውን፣ በገዛ ፈቃዳቸው ነው የሄዱት፣ ያስወጣኋቸው እኔ አይደለሁም የሚል አንድ መስመር መጨመር ይቻል እንደሆነ ጠየቁት። ቦታ የለውም አላቸው። ፈረሙ። እስክሪብቶውን በጣም ከመጫናቸው የተነሳ ወረቀቱ ፊርማቸው ጫፍ ላይ ተቀደደ፤ ሰውዬውም ቢቀደድም ይሠራል አለ።

እትዬ መኪናቸውን አስነሱ። እኔ ጎናቸው፣ ልጄ ከኋላ። ሃይዌዩ ጋ ከመድረሳችን በፊት ያለው መብራት ያዘን። እሳቸው ወደ ደቡብ፣ ወደ ብሌንደን የሚያስወጣውን መስመር እንደ ልማዳቸው ይዘዋል።

«ዛሬ የት ነው የምታድሪው?» አሉኝ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

«ወረቀቱ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ነው የሚለው።»

«ወረቀቱን ፈርሜዋለሁ፤ ምን እንደሚል አውቃለሁ። እኔ የጠየቅሁት አንቺን ነው።»

ከኋላ ልጄ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች፤ የማትሰማ ለመምሰል ትንፋሿን ሁሉ ይዛለች። ቀመሩ ውስጥ ያልገባ ነገር ካለ ይህ ነው፤ እኔ ያንን በር ከፍቼ የመግባቴ ዋጋ በቀን ስንት እንደሆነ ማንም አላሰላልኝም።

«ቤታችን» አልኩ።

መብራቱ ለቀቀን። እትዬ ፍሬቻ ሳያበሩ ሁለት መስመር አቋርጠው ወደ ሰሜን ታጠፉ። ከኋላችን ያለው መኪና ረጅም ክላክስ ነፋብን። ልጄ ልብሶቻችን ሁሉ ብሌንደን መሆናቸውን በቀስታ አስታወሰቻቸው።

«ነገ አመጣዋለሁ» አሉ እትዬ፤ «ዛሬ በለበሳችሁት እደሩ።»