ከአባቴ ክንድ የተፈታው ገመድ

አባቴ ጆሮው እንደማይሰማ ከእናቴና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ያደነቆረችውም ዕድሜውን ሙሉ የነዳት መኪና ናት። ከመቱ ቡና ጭና በደሌ የምትመላለስ አሮጌ ካሚዮን ነበረች። ሞተሯ ጋለም አልጋለም ማራገቢያው አብሮ ይሽከረከራል፤ ጉልበቷን ይበላል፣ ጩኸቱም ጋቢና ውስጥ ሰው አያነጋግርም። በጃንሆይ ዘመን መቱ ተቀምጦ እሷ ከሶር ወንዝ ስትመጣ ያልሰማ የለም፤ የአባቴም ጆሮ ከእሷ ጩኸት ሌላ አይሰማም።

ያው ጩኸት ግን ገበናችንን ሸፍኖልን ኖረ። ማንም ማንንም በማይሰማበት ቦታ ደንቆሮውን ማን ይለየዋል? ጭነቱ ላይ የተሳፈሩ ገበሬዎች መውረድ ሲፈልጉ በአባቴ ግራ ክንድ ላይ የታሰረውን ገመድ ይስባሉ፤ እሱም ያቆማል። የቤታችን እንጀራ የተንጠለጠለው በዚያ ገመድ ነበር።

ከዚያ ባለመኪናው አዲስ መኪና አስመጣ። የዚህችኛዋ ማራገቢያ የራሱ ፍሪሲዮን አለው፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ይለቀቅና ያርፋል፣ ሲግል ብቻ ይያዝና ያጓራል። «ዳገቱን እንደ ሰጋር በቅሎ ነው የምትወጣው፤ ድምፅ የሚባል የላትም!» እያለ ለከተማው ሁሉ አወራ። ገመዱንም በገዛ እጁ ፈታው።

«ከእንግዲህ እንደ ከብት መጎተት ቀረ፤ በአፍ መጥራት ነው» አለ።

በመጀመሪያው ጉዞ እናቴ በደሌ አክስቴን ትጠይቅ ብላ በአባቴና በባለመኪናው መሃል አስቀመጠችኝ። ሰው ሲጠራው በክርኔ ነካ እንዳደርገው ነው እንጂ አክስቴስ ደህና ነበረች። ጥቂት እንደሄድን ከላይ አንዲት ሴት «ዳቢ! ዳቢ!» ብላ ጮኸች፤ አቁም ማለቷ ነው። ጎኑን ነካሁት፤ አቆመ። ባለመኪናው እኔን አየኝ፣ ቀጥሎ አባቴን አየ። ብልጥ ሰው ነበር፣ ነፍሱን አይማረውና። መንገድ ስንጀምር እጄን ጨምድዶ ያዘና አፉን በፎጣው ሸፈነ።

«ጋሼ፣ ቤትዎ ተቃጠለ አሉ» አለው።

አባቴ በመኪናዋ መቅለል ደስ ብሎት ፈገግ እንዳለ መንዳቱን ቀጠለ።

በሳምንቱ ሌላ ሹፌር ተቀጠረ። እናቴ ሄዳ ባለመኪናው እግር ላይ ብትወድቅ «ደንቆሮ መኪና አይነዳም፣ እትዬ» ብሎ መለሳት። ማን እንዳደነቆረው የጠየቀ የለም።

ከዚያ ወዲያ አባቴ ደጃፍ ላይ በርጩማ አውጥቶ የሚውል ሰው ሆነ። መኪናዋ ጭነቷን ይዛ ዳገቱን ስትያያዘው ሞተሯ ይግላል፤ ማራገቢያው ተይዞ ያጓራል። ለጆሮው የቀረለት ድምፅ እሱ ብቻ ነበር። «መጣች» ይልና ግራ ክንዱን እያሻሸ ይነሳል፤ ፊቱ ይበራል። እኔ በንዴት እቃጠላለሁ። አጠገቡ ቆሜ አባዬ እያልኩ ስጣራ አንድም ቀን ሰምቶኝ አያውቅም።