የእጅ ፍሬን

ባጃጅ የገዛሁት ተሳስቼ ነው። ቡታጅራ አስተማሪ ሆኜ ከተመደብኩ ጀምሮ፣ ከልጅነቴ አንስቶ የማይታዘዙኝን እግሮቼን በክራንች እየጎተትኩ ጠዋት ጠዋት መንገድ ዳር ባጃጅ እጠብቅ ነበር። አንዱ አይቶኝ ያልፋል፤ ሌላው ሳይጠይቀኝ እንደ ጆንያ አንስቶ ያስቀምጠኛል። እሱ ለጽድቁ ነው፤ እኔ ጥርሴን ነክሼ ነው ትምህርት ቤት የምደርሰው።

መኪና እንዳልመኝ ደመወዜን አውቀዋለሁ። ባጃጅ ግን ሁሉ ነገሩ በእጅ ይመስለኝ ነበር፤ ነዳጁም፣ ፍሪሲዮኑም፣ ማርሹም መሪው ላይ ነው። ከወላጆቻችን ቤት ድርሻዬን ለወንድሜ ሸጥኩ፣ ዕቁቤን ጨመርኩበትና አሮጌ ባጃጅ ገዛሁ። ከሹፌሩ እግር ሥር ያለችውን ፔዳል ያየኋት ሻጩ ቁልፉን ካስረከበኝ በኋላ ነው። ስንት ዓመት ከኋላ ተቀምጬ የማየው የሹፌሩን እጅ ብቻ ነበር። ፍሬኑ በእግር ነው! ያለኝን ሁሉ ማቆም በማልችለው ነገር ላይ አዋልኩት። ያን ቀን ተቀምጬ አለቀስኩ።

መካኒኮች ዘንድ ዞርኩ። አንዱማ ነገሬን ሳልጨርስ «እግዜር ይስጥሽ» አለኝ፤ ለለማኝ እንደሚባለው።

በመጨረሻ ከገበያው ጀርባ ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ በያጅ ላኩኝ። ባጃጁን ዞር ዞር ብለው አዩና «ፔዳሉን በብረት ወደ እጅሽ እናመጣዋለን፣ ኢንሻአላህ» ብለው ዋጋ ጠሩ። ደነገጥኩ። እኔን ያየ ሰው ሁሉ ወይ ዋጋ ይተዋል፣ ወይ ሳንቲም ይወረውራል፤ እሳቸው እቴ!

«በግማሹ ይሥሩልኝ እንጂ» አልኳቸው።

«ወላሂ፣ የብረቱን እንኳ አይመልስም፣ ቲቸር።»

እንደ ማንኛውም ገዢ ተኮሳትሬ ወጣሁ። በክራንች እስከ በሩ ሩቅ ነው፤ እሳቸው ከቦታቸው ሳይነቃነቁ ያዩኛል። ልክ ደጃፉ ላይ ስደርስ «ነይ እስቲ፣ ትንሽ ጨምሪ» አሉኝ። እንዲህ ተከራክሮኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ሥራው ሲያልቅ ሊሞክሩት ራሳቸው ገቡ። ከመነሳታቸው በፊት ግን ሁለት እግራቸውን በገመድ ጥፍር አድርገው አሰሩ። ሠፈሩ በሳቅ ፈረሰ።

«ሳቁ» አሉ። «እግር ልማድ አለበት፤ ካልታሰረ ሳላውቅ ይረዳኛል። ያኔ ቲቸርን ዋሸኋት ማለት ነው።»

ሁለት ጊዜ የአሸዋ ክምር ላይ ወጡ። ሁለት ጊዜም እያጉረመረሙ ብረቱን ፈትተው አቃኑት። በሦስተኛው ቁልቁለቱ መሐል ላይ ቀጥ አሉ። እኔም አለቀስኩ፤ የአሁኑ ግን ሌላ ነበር። እስከ ዛሬ ፍሬኑን በያዝኩ ቁጥር እመርቃቸዋለሁ።

የመንጃ ፈቃዱ ጣጣ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፤ እሱም አለፈ። መንዳት በጀመርኩ ሰሞን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቆጮ የተሸከሙ አንዲት እናት እጃቸውን አወዛወዙልኝ። ፍሬኑን ሳብኩ፤ ቆመ። ታክሲ እንዳልሆንኩ ሳልነግራቸው ገቡ፤ ክራንቼን ገፋ አድርገው ቆጯቸውን አስቀመጡና «ገበያ ስንት ነው?» አሉ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ዋጋ ጠራሁ።

«አንቺ ሌባ!» አሉኝ።

ክራንቹን በእጃቸው ነክተውታል፤ አይተውታል። በዕድሜዬ ምስኪን ተብያለሁ፣ አይዞሽ ተብያለሁ፤ ሌባ ተብዬ ግን አላውቅም ነበር። ደስ አለኝ። እስከ ገበያው ድረስ እየተጨቃጨቅን ሄድን፤ አንዲት ብር አልቀነስኩላቸውም።