አባቴ ወጨጫ ላይ የተጣራበት ቀን

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 11፡30፤ ዘነበወርቅ

አባቴ ከእኔ ቀድሞ ጫማውን አስሮ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። ጓጉቶ እንዳይመስላችሁ፤ ቶሎ ሄደን ቶሎ እንድንመለስ ነው።

እናቴ ካረፈች ስምንት ወር ሆናት። ሁለቱ አርባ ዓመት ያህል ኮልፌ ገበያ ውስጥ ኮረሪማና ማር ሸጠዋል። ከቀብሩ ወዲህ አባቴ ሱቁን ለታናሽ ወንድሜ ትቶ ቤት ዋለ። «እሺ» እና «ደህና ነኝ» ካልሆነ ሌላ ቃል አይወጣውም። እኔ ደግሞ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ጋር ተራራ የምወጣ ሰው ነኝ። በዚህ ሳምንት ጓደኞቼን ትቼ እሱን ጠየቅኩት።

«አባዬ፣ ወጨጫ ላይ ትልቅ ደን አለ። እንሂድ?»

ተወልዶ ያደገው ቦንጋ አጠገብ፣ ጫካ ውስጥ ነው። በአስራ ዘጠኝ ዓመቱ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ግን ሥራና ልጅ ማሳደግ ይዞት ደን ረግጦ አያውቅም።

«እሺ፣» አለ።

1፡15፤ ሰበታ

በታክሲ አየር ጤና፣ ከዚያ ሌላ ታክሲ ይዘን ሰበታ ገባን። መንገድ ዳር ያለች ጠባብ ቤት ውስጥ ጨጨብሳ በማር አዘዝን። አባቴ አንዴ ጎርሶ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ስኳር አለበት፣» አለ።

አስተናጋጇ ሰምታው ኖሮ በሳቅ ፈነዳች። «አባባ፣ በእናትዎ ለሰው እንዳይነግሩብን!»

አባቴ አልሳቀም። እኔ ግን ሁለት ቃል በመናገሩ ብቻ ደስ ብሎኝ የእሱንም ድርሻ በላሁ።

ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ ኮረኮንች ስለሆነ አንድ ሚኒባስ ኮንትራት ያዝን። ሾፌሩ በመስታወቱ እያየን፣ «ሰው ከገጠር ከተማ ሊያይ ይመጣል፤ እናንተ ዛፍ ልታዩ ከከተማ ትወጣላችሁ?» አለ። ግራና ቀኝ የገብስ ማሳ፣ የባሕር ዛፍ አጥር፣ እንጨት የጫኑ አህዮች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊወስደን ተስማምተን ተለያየን።

3፡00፤ መናገሻ ሱባ ደን፣ ወጨጫ ተራራ

አስጎብኚያችን ጫልቱ ትባላለች፤ እዚሁ ተራራ ሥር የተወለደች፣ ቦቲ ጫማ ያደረገች፣ ፈጣን ሴት። አባቴን ከላይ እስከ ታች አይታ፣ «አባባ፣ በእርስዎ እርምጃ ነው የምንሄደው፤ እኔ አልቸኩልም፣» አለችው።

ዛፎቹን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው ጽድ፣ ቅርፊቱ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ። ዝግባ፣ ወይራ፣ ቀይ አበባው የተንዠረገገ ኮሶ። ከየቅርንጫፉ ሽበት የመሰለ ግራጫ የዛፍ ጺም ተንጠልጥሏል። መሬቱ ለስላሳ ነው፤ የራስን ኮቴ እንኳ አያሰማም። አባቴ በየዛፉ ሥር እየቆመ ቅርፊቱን በመዳፉ ይዳስሳል፤ ቀና ብሎ ቅርንጫፉን ያያል። የሚፈልገው ምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

5፡30፤ ከአንድ ፏፏቴ በላይ

እዚህ ላይ የተፈጠረው ጥፋት የእኔ ነው። ሌሊት በወረደው ዝናብ የወደቀ ዛፍ መንገዱን ዘግቶት ነበርና ጫልቱ ሌላ መተላለፊያ ልትፈልግ ወደ ላይ ወጣች። «ከዚህ ንቅንቅ እንዳትሉ፣» ብላን ነበር የሄደችው። ወዲያው ከፊታችን አንድ ጉሬዛ ነጭ ጭራውን እያዘናፈለ ዘለለ። ስልኬን አውጥቼ ተከተልኩት። ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ከዚያ መሬቱ ከዳኝና ቁልቁል ተንሸራትቼ ሸለቆ ውስጥ ወደቅሁ። ለመነሳት ብሞክር የግራ ቁርጭምጭሚቴ አላስረግጥ አለኝ።

አባቴ ጩኸቴን ሰምቶ፣ ቁጥቋጦ እየያዘ፣ በመቀመጫው እየተንሸራተተ ወረደ። የሰባ አንድ ዓመት ሰው ነው። አጠገቤ ሲደርስ ከላያችን ጭጋጉ ገባ። በደቂቃ ውስጥ አምስት እርምጃ ርቆ ያለው ዛፍ ጠፋ። ስልኩ ኔትወርክ የለውም። ዝናቡ ማካፋት ጀመረ፤ ቅዝቃዜው አጥንት ይገባል። ፈራሁ። ለራሴ ሳይሆን፣ ከቤቱ አስወጥቼ እዚህ ላመጣሁት ሰው ፈራሁ።

«ጫልቱ! ጫልቱ! እዚህ ነን!» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ።

አባቴ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። «እንዲህ አይጮኽም፣» አለ። «ጭጋግ ውስጥ ቃል ይሰባበራል። ድምፅ ነው የሚሄደው። ደግሞ ከተጣራሽ በኋላ ዝም በይ፤ መልሱን በምን ትሰሚዋለሽ?»

ተነስቶ ቆመ፣ መዳፎቹን አፉ ዙሪያ አደረገ፣ ተጣራ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከአባቴ ሰምቼ አላውቅም። ቀጭን፣ ረጅም፣ መጨረሻው ላይ ወደ ላይ የሚሰበር። ተራራው ተቀበለው። ዝም አልን። ምንም። ደገመ። ዝም አልን። ሦስተኛው ላይ፣ ከሩቅ፣ ከቀኛችን፣ ፉጨት መጣ።

«ሰማሽ?» አለኝ። ዓይኖቹ የሌላ፣ የወጣት ሰው ዓይኖች ሆነው ነበር።

እሱ እየተጣራ፣ እሷ እያፏጨች፣ ጫልቱ በጭጋጉ ውስጥ ብቅ አለች። ልትቆጣኝ አፏን ከፍታ እንባዬን ስታይ ተወችው። ሻሿን ፈትታ እግሬን ጥብቅ አድርጋ አሰረች፤ ከወደቀ ቅርንጫፍ ምርኩዝ ቆረጠችልኝ።

«አባባ፣ ይሄን አጠራር የት ተማሩት? ድምፅዎ ባይኖር በዚያኛው በኩል አልፌያችሁ ነበር።»

«እኛ አገር ቀፎ የሚሰቀለው ረጅም ዛፍ ላይ ነው። ማር ቆራጮች በሸለቆ ማዶ ለማዶ የምንጠራራው እንዲህ ነው።»

7፡30፤ ቁልቁል

ሁለቱ ግራና ቀኝ ደግፈውኝ ቀስ ብለን ወረድን። አባቴ መንገዱን ሙሉ አወራ። ስለ አጎቱ፣ ንብ ስላባረረው ጎረቤት፣ ዛፍ ላይ ሆኖ ስለመሸበት ቀን። አንድ ቦታ ላይ ድንገት ቆመ።

«እናትሽን ይሄን ድምፅ አንድ ቀን አላሰማኋትም፣» አለ። «አርባ ዓመት ሙሉ። ኮልፌ ገበያ መሃል ምን ብዬ ልጩኽ?»

ከዚያ አለቀሰ። በቀብሩ ዕለት እንኳ ያላለቀሰው ሰውዬ አንድ ጽድ ተደግፎ፣ ሳያፍር አለቀሰ። ጫልቱ ዞር ብላ የቦቲዋን ጭቃ በእንጨት መፋቅ ያዘች። ማንም አላቻኮለውም።

የደኑ መግቢያ በር ጋ ስንደርስ ሾፌሩ ከቀጠሮው ሰዓት በላይ ጠብቆናል። ጋቢውን አውልቆ እግሬ ሥር አነጠፈልኝ። ጫልቱ አባቴን ጎንበስ ብላ ስትሰናበተው፣ «አባባ፣ ልጆቻችንን ሊያስተምሩልን ይምጡ፣» አለችው። «እመጣለሁ፣» አላት። እሺ አላላትም፤ እመጣለሁ ነው ያላት።

ማታ 1፡00፤ ቤት

ዘነበወርቅ ጤና ጣቢያ እግሬን አይተው ወለምታ ነው አሉኝ። እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ ሳሎን ተኝቻለሁ። ወጥ ቤቱ ውስጥ ድስት ይንኳኳል።

«በርበሬው የት ነው?» ይላል አባቴ። «ዘይቱስ? ይሄን ሁሉ ዕቃ እናትሽ ለምን ትሰበስበው ነበር?»

ስሟን እያነሳ፣ ከድስቱ ጋር እየተጣላ፣ ወጥ ሠራ። ሽንኩርቱ አርሯል፤ ጨው በዝቶበታል። ትሪውን ጭኔ ላይ አስቀምጦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠና፣ «ውሸት አልፈልግም፤ እንዴት ነው?» አለኝ።

እውነቱን ነገርኩት። ሳቀ። ሁለታችንም ትሪው እስኪታይ በላነው።