በወይራ የታጠነው ጠርሙስ

ሳብሪና አንዲት ባክቴሪያ ለብቻዋ ነጥላ ለማየት ሦስት ወር ሙሉ ተሰቃይታለች። ሰው ቢሰማ ይስቅባታል። ጭሮ ከተማ ባለ ላቦራቶሪ ውስጥ የሌሎችን የመስታወት ሳህን ስታጥብ አራት ዓመት ኖራ በስንት ልመና ያገኘችው የመጀመሪያ ጥናቷ ይኸው ነው። ሂርና የሚኖሩት አክስቷ፣ አዳዳ ረዲያ፣ የሚያረጉት እርጎ ሳምንታት ቢሰነብትም አይበላሽም። ይህን ጉድ የሚሠራው የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነ ማወቅ ፈለገች።

አሠራሩ ሲያወሩት ቀላል ነው። የሽቦ ቀለበት በእሳት አግሎ፣ አቀዝቅዞ፣ እርጎውን ነካ አድርጎ፣ ሳህን ውስጥ እንደ ጄሊ በረጋ የባክቴሪያ ምግብ ላይ ማስመር። ደግሞ አግሎ፣ ከመስመሩ ጫፍ ጥቂት ስቦ እንደገና ማስመር። የባክቴሪያው ብዛት እየሳሳ ሄዶ መጨረሻ ላይ አንዷ ብቻዋን ትቀራለች፤ በሁለተኛው ቀን ልጆቿ ተከማችተው በዓይን የሚታይ ነጥብ ይሆናሉ። የሳብሪናን ሳህን ግን ሁልጊዜ ሻጋታ ይወርሰዋል። እርጎውን ብታቀጥን፣ ለአክስቷ የምትልከውን የእርጎ ጠርሙስ ሁለት ጊዜ ብትቀቅል፣ ያው ነው። ኃላፊዋ አቶ አሰግድም "እስከ አርብ ካልሆነ ጥናቱን እንዘጋዋለን" አሏት። ወደ ሳህን አጠባው ልትመለስ ነው።

ሰኞ አዳዳ ረዲያ ራሳቸው እርጎውን ይዘው በሚኒባስ መጡ። ሳብሪና ጠርሙሱን ስትከፍት ጢስ ጢስ ሸተታት።

"አዳዳ፣ ጠርሙሱን ምን አደረጉት?"

"በወይራ አጠንኩት። ባልታጠነ ዕቃ እርጎ ስልክልሽ ሦስት ወር ሙሉ አፍሬ ኖሬያለሁ፣ ወላሂ። ሰው ቢያይ ምን ይለኛል?"

"ቀቅዬ ነው እኮ የሰጠሁዎት። ንጹሕ ነበር።"

"ንጹሕማ ነው። ግን አልታጠነም።"

ሳብሪና ንድድ አላት። ሌላ ለማስመጣት ጊዜ ስለሌላት ግን እያጉረመረመች አሰመረችው።

ረቡዕ ጠዋት ሳህኑን ስታወጣ ሻጋታ የሚባል የለም። ነጫጭ ነጥቦች ተራርቀው ተቀምጠዋል። ደስታዋን መያዝ አቃታት። አንዷን አንስታ በአዲስ ሳህን አሰመረች፤ አርብ ዕለት የበቀሉት ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኑ፣ በማይክሮስኮፕም ቢያዩአቸው ያው።

አቶ አሰግድ ሳህኑን ወደ መስኮቱ አንስተው ደጋግመው አዩት። "ምን ለውጠሽ ነው?"

ሳብሪና የአሠራር ደብተሯን ገለጠች። "ጠርሙሱ ይቀቀላል" ከሚለው ሥር "ከዚያም በወይራ ይታጠናል፤ ያሳዩኝ ወይዘሮ ረዲያ ናቸው" ብላ ጻፈች። ከዚያ ሂርና ደውላ ለአክስቷ ሁሉንም ነገረቻቸው።

አዳዳ ረዲያ እስክትጨርስ ታገሷት።

"እኔንስ መጀመሪያውኑ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?" አሉ።