ስም የተጻፈበት አረቄ

ባለፈው ግንቦት የማስተምራቸውን የሁለተኛ ክፍል ልጆች ይዤ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ወጥቼ ነበር። አስጎብኚያችን ጢሙ አልበቅል ብሎ ያስቸገረው ወጣት ነው። አንድ ቁጥቋጦ አጠገብ ቆመና፣ ከምድረ ገጽ ስለጠፋ ነገር እንደሚያወራ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ይህ ጌሾ ይባላል፤ አባቶቻችን መጠጥ ይጠምቁበት ነበር" አለ። አባቶቻችን ማለቱ አበሸቀኝ። እኔ ባደግኩበት ሰፈር ጌሾ የሚወቅጡትም፣ የሚጠነስሱትም፣ በጭስ ዓይናቸው የሚጠፋውም እናቶቻችን ነበሩ፤ አባቶቻችን የሚያውቁት መጨረሻውን ብቻ ነው። ልጆቹ አልፈው ሲሄዱ ወደ ኋላ ቀረሁና አንዲት ቅጠል ቀንጥሼ አፌ ውስጥ ከተትኩ፤ ቅጠል መቅጠፍ ነውር ነው ብዬ ጠዋት ያስጠነቀቅኳቸው ራሴ ነበርኩ። ምሬቱ ምላሴን ይዞ ወደ ጉሮሮዬ ሲወርድ ዓይኔ እንባ አቀረረ። አንዲት ተማሪዬ ዞር ብላ አየችኝና "ቲቸር፣ ምን ሆነሽ ነው?" አለችኝ። "አቧራ ነው" አልኳት።

አቧራ አልነበረም። በአሥር ዓመቴ አባቴን ከባቡር ያስወረድኩት እኔ ነኝ፤ ጌሾ በሸተተኝ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ይኸው ነው።

ቤታችን ከቀጨኔ ቁልቁል በሚወርደው ወንዝ ዳር ነበር። የውጪ ሰዎች "አረቄ አውጪዎች ሰፈር" ይሉታል፤ እኛ ግን ሰፈራችን ከማለት በቀር ሌላ ስም አልሰጠነውም። ጠዋት ጠዋት ከየጓሮው ጭስ ይነሳል፤ ከጭሱ ጋር ያ ኮምጠጥም ጣፈጥም የሚል የብቅልና የጌሾ ሽታ ዩኒፎርማችን ውስጥ ገብቶ ትምህርት ቤት ድረስ ይከተለናል፤ አስተማሪያችን "መስኮቱን ክፈቱ" ካለ የእኛ ሰፈር ልጆች ተሟልተን ገብተናል ማለት ነው። እናቴ ወይዘሮ ዘነበች ድፍድፉን በትልቅ ማሰሮ እሳት ላይ ትጥደውና አፉን በጭቃና በእበት ትመርገዋለች፤ ከማሰሮው አንገት የወጣው ረጅም መቃ እንፋሎቱን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠ ሌላ ዕቃ ይወስደዋል፤ እዚያ ጠብ ጠብ እያለ አረቄ ይሆናል። ሌሎቹ ሴቶች እሳቱን በዓይን ሲያዩ እናቴ ጆሮዋን ወደ መቃው ጠጋ አድርጋ ታዳምጣለች። "ቸኩሏል" ትልና አንድ እንጨት ከምድጃው ትስባለች። የወጣውን በጣቷ ነክራ እሳቱ ላይ ትረጨዋለች፤ ቦግ ካለ ፊቷ ይፈካል። አተላው ለጎረቤት ላሞች ይሰጣል፤ በዚህ የተነሳ በሰፈራችን ላሞቹ እንኳ ከሰዓት በኋላ የቤታቸው መንገድ ይጠፋቸው ነበር።

ይህ አረቄ ታዲያ ጉለሌ ተወልዶ ጉለሌ አይቀርም፤ ባቡር ይሳፈር ነበር። አባቴ ከለገሀር ድሬዳዋ በሚመላለሰው የሰው ባቡር ላይ ፍሬን ያዥ ነበር። ሥራ በሚገባበት ጠዋት ጠርሙሶቹን በጆንያ ተሸክሞ ይወጣና፣ መንገደኛ ሳይገባ በሦስተኛ ማዕረግ ወንበሮች ሥር ይበትናቸዋል፤ ጥቂቱ ለሞጆ፣ ጥቂቱ ለአዋሽ፣ የቀረው ለድሬዳዋ። በየጣቢያው መለኪያ ደርድረው የሚሸጡ ሴቶች የጉለሌን አረቄ ከሌላው ለይተው ይጠብቁታል። በአራተኛው ቀን ሲመለስ ጆንያው በባዶ ጠርሙስ፣ በሎሚና በብርቱካን ተሞልቶ ይመጣል፤ ካኪ ኮቱ ናፍጣና የቆላ አቧራ ይሸታል። ድሬዳዋን በዓይኔ ሳላያት በሎሚዋ አውቃት ነበር፤ ካርታ ላይ ሳገኛት ከሎሚው ጋር ሲነጻጸር በጣም አንሳ ታየችኝ።

እናቴ ፊደል ስለማታውቅ የየጣቢያውን ጠርሙስ የምትለየው በክር ነበር። ሽሮ ሜዳ ካሉ ሸማኔዎች የጥለት ክር ቁርጥራጭ ትለምንና የጠርሙሱን አንገት ለሞጆ በቢጫ፣ ለአዋሽ በቀይ፣ ለድሬዳዋ በሰማያዊ ታስረዋለች። ሠራተኛ ያለ ደረሰኝ የንግድ ዕቃ መጫኑ ክልክል ስለነበር አልፎ አልፎ ፈታሾች ባቡሩ ላይ ይወጣሉ። ከወንበር ሥር ጠርሙስ ያገኙና "የማን ነው?" ይላሉ፤ ያን ጊዜ መንገደኛው ሁሉ በመስኮት ሜዳውን ማየት ይጀምራል። አባቴም አብሮ ያያል። ክር ደግሞ የማንንም ስም አይናገርም፤ ፈታሾቹ ጠርሙሱን ይዘው ይወርዳሉ፣ ባቡሩም መንገዱን ይቀጥላል።

ከዚያ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መጣ። ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ እናቶች በቀበሌው አዳራሽ ተሰብስበው ሀ ሁ ሲሉ ድምፃቸው ወንዙን ይሻገራል። እኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ፤ በእጅ ጽሕፈት ከክፍሉ አንደኛ፣ ይህንንም ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም እናገር ነበር። እናቴን ማሰሮው አጠገብ፣ ማቀዝቀዣው ውሃ ሞቆ እስኪለወጥ ባለው ጊዜ፣ መሬት ላይ በከሰል እየጻፍኩ አስጠናት ጀመር። መምህርነት ሲጀምር ያባልጋል፤ በሳምንቱ ያ ክር ያሳፍረኝ ጀመር። "ክር እኮ የመሃይም ነው" አልኳት፣ አፌን ሞልቼ። ከደብተሬ መሃል ወረቀት ገንጥዬ በትንንሹ ቆረጥኩና ከስክሪብቶዬ የሚወጣውን ምርጥ ጽሕፈት ጻፍኩበት። ትምህርት ቤት በተማርነው መሠረት "ጓድ ዘነበች" ልል ነበር፤ እሷ ግን "ጓድ የሚያሰኝ ምን ሠራሁ?" አለችኝ። ስለዚህ "ወይዘሮ ዘነበች፣ ጉለሌ" አልኩ፤ ከሥሩ የጣቢያውን ስም ጨመርኩ። በዱቄት ሙጫ በየጠርሙሱ ሆድ ላይ ለጠፍኩት።

እናቴ አንዱን ጠርሙስ አነሳች፤ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ነበር ያነሳችው። ጣቷን ከፊደል ፊደል እያሻገረች እስከ መጨረሻው ሄደችና "ስሜ እንዲህ ነው እንዴ የሚመስለው?" አለች። ከዚያ ጠርሙሱን መልሳ፣ ጽሕፈቱ ወደ ሰው እንዲዞር አድርጋ አስቀመጠችው። ያን ዕለት በምድጃው ዙሪያ ስትንጎራደድ እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። ክሮቹን ጠቅልላ ለጎረቤት ልጅ መጫወቻ ሰጠች።

አባቴ በማግስቱ ጠዋት ጆንያውን ሊሞላ ሲጎነበስ ወረቀቶቹን አየ። "ማነው የጻፈው?" አለ። "እኔ!" አልኩ፣ ጥርሴን ሁሉ እያሳየሁ። እያንዳንዱን ጮክ ብሎ አነበበው፤ እናቴም ቆማ ሰማችው። እሱም አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየና "ጎበዝ" ብሎ ራሴን ዳበሰኝ። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ጆንያው ውስጥ ከተተ። በሩ ላይ ትንሽ ቆሞ ነበር፤ እኔ ሸክሙ የከበደው መሰለኝ።

በአራተኛው ቀን አልመጣም። በአምስተኛው ቀን የሥራ ጓደኛው ጋሽ አብዲ ባዶ ጆንያውን ይዘው መጡ። ጋሽ አብዲ ቲኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ አረቄ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ፣ ግን ከአባቴ ጋር ከአንድ ሣህን የሚበሉ የድሬዳዋ እስላም። የድሬ ሰው ትልቅ ትንሽ ሳይል ሁሉንም አንተና አንቺ ነው የሚለው። "ዘነበች፣ አይዞሽ፤ አልታሰረም" አሏት። "ከባቡር ግን አወረዱት። አዋሽ ላይ ጠርሙሱ ተያዘ፤ ስምሽ ተነበበ።" ከዚያ ሌላ አልተነፈሱም። እናቴ ጓሮ ገባችና እንጨቱን ሁሉ ከምድጃው አወጣች፤ ጠብ ጠብ የሚለው ድምፅ እያነሰ እያነሰ ሄዶ ቆመ።

አባቴ ከአዋሽ ወዲያ፣ ቆላ ውስጥ፣ ሐዲድ ጥገና ላይ ተመደበ። ስድስት ዓመት እዚያ ኖረ። በሁለት ወር አንዴ፣ አንዳንዴ በሦስት ወር፣ ከስቶና ጠቁሮ ወባውን ይዞ ይመጣል፤ ሁለት ቀን ይተኛል፤ በሦስተኛው ይሄዳል። የእኔን የትምህርት ውጤት ሳይጠይቅ ሄዶ አያውቅም፤ ጽሕፈቴን እንዳሳየው ሲጠይቀኝ ግን ደብተሬ ትምህርት ቤት ቀረ እያልኩ እዋሸው ነበር። እናቴ አረቄውን እርግፍ አድርጋ ትታ ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ጥጥ መፍተል ጀመረች። እኔን አንድም ቀን ክፉ አልተናገረችኝም። ብትቆጣኝ በስንት ጣዕሙ! ማንም ሳይወቅሰኝ ብቻዬን ተሸክሜው አደግኩ።

አንድ ነገር ግን ሳየው ኖሬያለሁ። እናቴ የመሠረተ ትምህርቱን ፈተና አልፋ የምስክር ወረቀት የተቀበለች ሴት ናት፤ ስሟን አሳምራ ትጽፍ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን በቀበሌም፣ በእድርም፣ እኔን ትምህርት ቤት ስታስመዘግብም "ፈርሚ" ሲሏት አውራ ጣቷን ቀለም ውስጥ ትነክራለች። "መጻፍ ትችያለሽ እኮ" ስላት "ረስቼዋለሁ" ትለኛለች። አልረሳችም ነበር። ስሟ አንድ ጊዜ ተጽፎ ባሏን ቆላ ያስቀረ መስሏታልና ሁለተኛ ልትጽፈው ፈራች። እስከ ዕለተ ሞቷ በጣቷ ፈረመች።

አባቴ ከእሷ በኋላ ሁለት ዓመት ቆይቶ ሞተ። በሦስተኛው ቀን ጋሽ አብዲ በዱላ እየተደገፉ ለቅሶ መጡና ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። ያኔ ባቡሩም ቆሞ ነበር፤ የወንዙ ዳር ቤቶች ፈርሰው፣ ያን ሽታ የሚያውቅ ሰው በጣት የሚቆጠር ሆኖ ነበር። ጋሽ አብዲ ብቻቸውን መሳቅ ጀመሩ። "ያ ፈታሽ ትዝ አለኝ" አሉኝ። "ገና ከመሠረተ ትምህርት የወጣ ልጅ ነው፤ ጠርሙሱን ይዞ 'ወ... ይ... ዘ... ሮ...' ይላል፣ ላቡ ጠብ እያለ። ፉርጎው በሙሉ እያገዘው! 'ዘ... ነ... በ...' ሲል አንዲት ዶሮ የያዘች ሴት ሰለቻትና 'ዘነበች ነው፣ በቃ!' ብላ ጮኸች። ሰዉ አጨበጨበ።"

እኔም ሳላስበው ሳቅኩ። ፈታሹ ቀጥሎ "ወይዘሮ ዘነበች የታለች?" ብሎ ነበር፤ ማን ይመልስ? ባቡሩ ላይ የለችም። ጠርሙሶቹን ሰብስቦ እንደ ሁልጊዜው ሊወርድ፣ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አድርጎ፣ እንዲያው ለወጉ "የሚያውቃትስ የለም?" አለ። ሰዉ ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞረ። ከኋላ የአባቴ ድምፅ መጣ፤ "እኔ አውቃታለሁ። ሚስቴ ናት።"

"ዕብድ ነህ እንዴ አልኩት!" አሉ ጋሽ አብዲ። "ዝም ብትል ወርዶ ይሄድ አልነበር? እሱ ምን አለኝ መሰለሽ? 'ጠርሙሱን ስንቴ ክጃለሁ። እሷን ግን ልጄ በጻፈችው ስም ተጠርታ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት አላውቃትም ልበል?' አለኝ። ለዘነበች እንዳትነግራት ብሎ አስማለኝ፤ 'የተያዝኩት ምላሴን መያዝ አቅቶኝ መሆኑን ከሰማች አንድ ዓመት ሙሉ ትጨቀጭቀኛለች' ብሎ። ስቄ ማልኩለት።"

ከዚያ በኋላ ራሴን መግዛት አቃተኝ። የያዝኩት ሁሉ፣ ያ በአሥር ዓመቴ የተሸከምኩት ጭምር፣ አንድ ላይ ወጣ። ለቀስተኛው ለአባቴ የማለቅስ መስሎት "በቃሽ፣ ዕድሜውን ጠግቦ ነው የሄደው" እያለ ያባብለኛል። እውነቱን ነው፣ አባቴ ጠግቦ ሄዷል፤ ያደረገውን አውቆ ነው ያደረገው፣ አልተጸጸተበትምም። እኔ የማለቅሰው ለእናቴ ነበር። ጭቅጭቋን ፈርተው ሁለት ወንዶች የደበቁላት ያ አንድ ዓረፍተ ነገር በሕይወቷ ሙሉ ከሰማችው ሁሉ የሚበልጥ ነበር፤ እሷ ግን ሳትሰማው ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነበር።